ለአንድ ሰው የሚከፈት ብልቃጥ

ባለፈው ሳምንት ሃና ደወለችልኝ። ሃና እኔ ጡረታ ስወጣ የክትባት ክፍሉን የተረከበችኝ ነርስ ናት። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ሥራዋን ትወዳለች፣ ደንብ ሲባል ግን ትንሽ ትፈራለች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ረበሽኩዎት። አንዲት እናት አንድ ልጅ ይዛ ለኩፍኝ ክትባት መጥታለች። ሌላ ሰው የለም። ብልቃጡን ልክፈተው ወይስ ልጆች እስኪሞሉ ትጠብቅ?»

«ክፈቺው።»

«አንድ ልጅ ብቻ እኮ ነው ጋሼ። የቀረው ሊደፋ ነው።»

«ይደፋ! ክፈቺው ብያለሁ» አልኩና ደህና ዋይ እንኳ ሳልላት ስልኩን ዘጋሁት።

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ትሰማኝ ኖሮ «በሰው ልጅ ላይ ምን ያስጮህሃል? ጡረታ ወጥተህም አለቃ ነህ እንዴ?» ብላ ገሠጸችኝ። እውነቷን ነው። ልጅቷ የጠየቀችኝ ተገቢ ጥያቄ ነበር። አንድ ብልቃጥ ለአሥር ሰው ነው የሚሆነው፤ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይጣላል። እኔ ግን ያንን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር ቆቃ፣ ሐይቁ ዳር፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው የቆሙ አንድ ሰው ፊቴ ላይ ድቅን ይሉብኛል። ለምን እንደጮህኩ ለሃና መንገር ስላለብኝ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው።

አዳማ ገበያ ውስጥ ስሄድ እስካሁን «ዶክተር!» ብሎ የሚጠራኝ አይጠፋም። ዶክተር ሆኜ አላውቅም። ሴት ነርስ ሲስተር ትባላለች፤ ወንዱ ነርስ ግን መጠሪያ ስላልወጣለት ነጭ ጋውን ከለበሰ ዶክተር ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ አርም ነበር፤ ከዚያ ደከመኝ፤ ከዚያ ለመድኩት፤ እውነቱን ካወራን ደስም ይለኝ ጀመር። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት በክትባት ነው፤ በዚህ ሥራ ደግሞ አልታማም። እጁ ቀላል ነው ይሉኛል፤ እኔም አልክድም። ወግቼ ጨርሼ ጥጡን ስጥል «አሁን ልትጀምር ነው?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ደራ ነበር፤ ከአዳማ ወደ አሰላ ሲኬድ መንገድ ላይ ያለችው ከተማ። እዚያ ነው ሲስተር አስካለን ያገኘሁት። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲስቁ ግን ጤና ጣቢያውን የሚሞሉ ሴት ነበሩ። መርፌ አያያዝ ትምህርት ቤት አስተምሮኛል፤ ክትባት ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው።

ጠዋት ጠዋት የክትባት ሣጥኑን የሚያቀዘቅዙትን የበረዶ ጥቅሎች ከማቀዝቀዣው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ይደረድሩና እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ለማያውቃቸው ሥራ የፈቱ ይመስላሉ። ትንሽ ቆይተው አንዱን ያነሱና ጆሯቸው ሥር ይነቀንቁታል። ውስጡ ውኃ ሲንቀሳቀስ ካልሰሙ ክትባቱ ያለበት ሣጥን ውስጥ አይከቱትም። «ሙቀት ክትባት እንደሚያበላሽ ሁሉም ያውቃል» ይሉኝ ነበር፣ «ብርድም እንደሚያበላሽ የሚያውቀው ባለሙያ ብቻ ነው።» አንድ ቀን ገጠር ለገጠር ዞረን ደክሞኝ ሣጥኑ ላይ ብቀመጥ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ተነስ! ሰው ላይ ይቀመጣል?» ብለው አዋረዱኝ። ከዚያ ወዲህ እንኳን ሣጥኑ ላይ አጠገቡም ስቀመጥ እጠነቀቃለሁ።

ሕፃን ከመንካታቸው በፊት መዳፋቸውን አፋትገው ያሞቁታል። ስሙን ይጠይቁና በስሙ ይጠሩታል። ከእናትየዋ ከፍ ብለው አይቀመጡም፤ ወንበሩ አንድ ከሆነ ለእናት ነው። «አላስከትብም» የሚል ሲመጣ ደግሞ አይከራከሩም። «ተሳስተሃል አትበለው» ይሉኝ ነበር፣ «መጀመሪያ ማን እንደነገረው ጠይቀው። የነገረው ሰው የሚወደው ሰው ነው። የሚወደውን ሰው ሰድበህበት ክንዱን ይሰጥሃል?»

ሌላ ያስተማሩኝ ነገር እጅጌ ማየት ነው። «ወንበር ላይ ከተቀመጠ በኋላ እጅጌውን የሚጠቀልል ሰው ገና እያሰበ ነው፤ አጫውተው። ጠቅልሎ የመጣ ሰው ግን በመንገዱ ላይ ነገሩን ጨርሶታል። እሱን አታቁመው።» ይህን ሲነግሩኝ ወጣት ነበርኩ፤ እሺ ብዬ ሰማሁ፤ ሰምቼም ረሳሁት።

አንድ ቀን፣ የገበያ ቀን ባልሆነ ቀን፣ አንዲት ሴት ከሩቅ ገጠር አንድ ልጅ አዝላ መጣች። እኔ «ነገ ገበያ ነው፣ ነገ ብትመጣስ?» አልኩ። ሲስተር አስካለ መልስ ሳይሰጡኝ ብልቃጡን ከፈቱ። በወሩ መጨረሻ በሚላከው ቅጽ ላይ ስለባከነ ክትባት ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ «አንድ ልጅ መጣ» ብለው ጻፉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔ በሆዴ «እኚህ ሴትዮ አባካኝ ናቸው» ብዬ ታዘብኳቸው። ትዝብቴን ለብዙ ዓመት ይዤው ኖርኩ።

ከደራ ወደ ባቱ ተዛወርኩ። ያን ጊዜ ሰው አብዝቶ ዝዋይ ነበር የሚላት። የክትባት ሣጥናችንን በጋሪ ጭነን በአትክልት እርሻዎቹ ዙሪያ ያሉትን ሰፈሮች እናዳርስ ነበር። አለቃዬ አቶ ደምሴ ጥንቁቅ ሰው ነበሩ፤ ጠብታ ሲባክን ጥርሳቸውን የሚያማቸው ይመስል ፊታቸውን ያጨማድዱታል። እኔም ለእሳቸው የተፈጠርኩ ሆንኩ። አሥር ልጅ ሳይሞላ ብልቃጥ አልከፍትም። አግዳሚ ወንበር አሠርቼ እናቶቹን እያጫወትኩ አስጠብቃለሁ፤ አሥረኛዋ ስትመጣ «ሞላ! እንሂድ!» እላለሁ፣ እንደ ታክሲ ረዳት። ይስቃሉ። በስብሰባ ላይ አስነስተው አጨበጨቡልኝ፤ «ቆጣቢው» የሚል ስም ወጣልኝ። ደረቴ ተነፋ።

ዛሬ ሳስበው ያ አሠራር የሚያስኬደው እናቶቹ ክትባቱን ስለሚፈልጉት ነበር። የሚፈልግ ሰው ይጠብቃል። ዛሬ ባይሞላ ነገ ይመጣል። እኔ ግን ሰው ሁሉ ሁልጊዜ የሚጠብቅ መሰለኝ።

ኮሮና ሲመጣ አዳማ ነበርኩ፤ ጡረታዬም ሩቅ አልነበረም። በየሱቁ በር ላይ የእጅ መታጠቢያ ባልዲ የተደረደረበትን፣ ሰው በክርን ሰላም የሚባባልበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ክትባቱ ሲደርስ ከጓደኞቼ ቀድሜ ተከተብኩ። ክንዴ ሁለት ቀን አመመኝ፤ ትኩሳትም ነበረኝ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ምንም አልነበረብኝም። ለጠየቀኝ ሁሉ እንደዚሁ ነው የምነግረው። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ምንም አይሰማችሁም» እያሉ ነበር፤ ሰው ደግሞ ትኩሳት ሲይዘው ዋሽተውናል ብሎ ሌላውን ሁሉ መጠራጠር ጀመረ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰልፍ ነበር። የበሽታው ወሬ ቀዝቀዝ ሲል ግን ሰልፉም ቀዘቀዘ፤ በምትኩ ሌላ ወሬ ገባ። መካን ያደርጋል ያለ አለ፣ የአውሬው ምልክት ነው ያለ አለ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከበላሁ ምን አገባኝ የሚል ነጋዴም ነበር። አንድ የባጃጅ ሾፌር «ዶክተር፣ የተከተበ ሁሉ በሁለት ዓመቱ ይሞታል ይባላል» አለኝ።

«እኔ ተከትቤያለሁ። በሁለት ዓመቴ ካልሞትኩ በነፃ ታደርሰኛለህ?»

«አደርስሃለሁ!» አለና ሳቀ። በማግስቱም መጥቶ ተከተበ። ሁለት ዓመቱ ሞልቶ አልፏል፤ ልጁ ግን እስከ ዛሬ ያስከፍለኛል።

እንዲህ እያልኩ አዳማ ላይ ብዙ ሰው አሳምኜ ከተብኩ። የሲስተር አስካለን ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ማን ነገረህ? ማን ነገረሽ? የነገራቸውን ሰው አልሰድብም። በራሴ ተማምኜ ነበር፤ የሚያስተማምን ምክንያትም ነበረኝ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ቆቃ እንወጣ ነበር። ዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባቸውን ከሚያስጠጉበት ቦታ አጠገብ፣ ከአንድ ግራር ሥር ጠረጴዛ እንዘረጋለን፤ አግዳሚ ወንበሬንም እናስቀምጣለን። እዚያ ደግሞ ኦቦ ቱፋ አሉ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው፤ የጀልባውም የመረቡም ነገር ያለ እሳቸው አይወሰንም። እሳቸው ከሳቁ ሁሉም ይስቃል።

«ኦቦ ቱፋ፣ አካም ጅርቱ?» እላቸዋለሁ፣ እንዴት ነዎት ለማለት።

«ፈያ! ዶክተር፣ ዛሬም መርፌህን ይዘህ መጣህ?»

«ለእርስዎ ነው ያመጣሁት።»

«እኔ የዚህን ሐይቅ ዓሣ፣ ቆሮሶውን እየበላሁ ነው ያደግኩት። ኮሮናው እኔን ቢያገኝ የሚታመመው እሱ ነው!»

መረብ የሚጠግኑት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምክንያቱም ያስቃል። ያን ቀን ግን ከሳቁት አንድም ሰው ወደ ጠረጴዛዬ አልመጣም። በሚቀጥለው ማክሰኞ «ድሮ ለሕፃን ነበር የምትሰጠው፣ አሁን ሽማግሌውን ልጅ ልታደርገው ነው?» አሉኝ። እንደገና ሳቅ። የሚከተቡት ከመንገድ ማዶ የሚመጡ ነጋዴዎችና መምህራን ብቻ ነበሩ።

በሦስተኛው ማክሰኞ ጠረጴዛውን ትቼ መረቡ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ኦቦ ቱፋ፣ ስለ ክትባቱ ማን ነገረዎት?» አልኳቸው። ስልካቸውን አውጥተው ልጃቸው የላከላቸውን የድምፅ መልእክት አሰሙኝ። አንድ የማይታወቅ ሰው የሚያወራው ረጅም ወሬ ነበር፤ ከአፍ እስከ ገደፉ ውሸት። ሳላቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። «ልጅዎ ስለሚያስብልዎት ነው የላከው» አልኩ።

ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱና «አንተ ስትከተብ ምን ሆንክ?» አሉኝ።

«ሁለት ቀን አመመኝ፤ ትኩሳትም ነበረኝ። ከዚያ ተወኝ።»

«ሌላው ሁሉ ምንም አይልህም ነው ያለኝ» አሉ። መረቡን መጠገን ቀጠሉ። «አንተ ግን አልዋሸህም።» ያን ቀን አልቀለዱብኝም።

በአራተኛው ማክሰኞ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ዕቃችንን ሰብስበን ነበር። ጠዋት የከፈትነው ብልቃጥ ጊዜው አልፎ ተጥሏል፤ ሣጥኑ ውስጥ አንድ ያልተነካ ብልቃጥ ቀርቷል። ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል። ኦቦ ቱፋ ከጀልባዎቹ ጀርባ ዞረው፣ ወደ ኋላቸው እያዩ፣ ብቻቸውን መጡ። የግራ እጅጌያቸው እስከ ትከሻቸው ተጠቅልሏል።

«ዶክተር፣ ቶሎ በል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሹሩ ስትጨቀጭቀኝ ከረመች። ልጆቹ መረብ ላይ ናቸው፤ ሳያዩኝ ጨርሰን።»

ሹሩ ባለቤታቸው ናቸው። እኔ ግን ይህን ሁሉ አልሰማሁም። የሰማሁት ሌላ ነው፤ ቆቃ ሁሉ እጄ ገባ።

«ኦቦ ቱፋ! እርስዎ መጡ ማለት እኮ ሁሉም መጣ ማለት ነው» አልኳቸው። «እንዲህ እናድርግ። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰው ይዘው ይምጡ፤ በእርስዎ እጀምራለሁ።»

«ዛሬ አይሆንም?»

«ለአንድ ሰው ብልቃጥ አይከፈትም። ዘጠኙ ይባክናል።»

እኔን አዩኝ፣ ሣጥኑን አዩት። ከዚያ እጅጌያቸውን ቀስ ብለው አወረዱና ቁልፉን ቆለፉት። «እሺ» ብለው በመጡበት ዞረው ሄዱ። መኪና ውስጥ ገብቼ ለሾፌሩ «ዛሬ ትልቁን ዓሣ ያዝኩት» አልኩት። እንዲህ ነበር ያልኩት። አሁን ስጽፈው እጄ ያፍራል።

ማክሰኞ አልመጡም። ሐይቅ ገብተዋል አሉኝ። በሚቀጥለውም ሐይቅ ገብተዋል። ቃላቸውን አጠፉ ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ እንጂ ሌላ አላሰብኩም። ወር ከምናምን በኋላ ቆቃ ስንደርስ ከግራሩ ሥር ማንም የለም፤ ጀልባዎቹ ሁሉ ዳር ተጎትተዋል። ኦቦ ቱፋ ትንፋሽ አጥሯቸው አዳማ ሆስፒታል ተወስደው፣ ኦክስጅን ላይ ሰንብተው፣ በዋዜማው አርፈዋል።

ባለሙያ ነኝና ማለት የሚገባኝን ልበል። ያን ቀን ብወጋቸው ይተርፉ ነበር ብዬ መማል አልችልም፤ አይተርፉም ነበርም ማለት አልችልም። የማውቀው ክንዳቸውን ይዘውልኝ እንደመጡና እኔ እንደመለስኳቸው ነው።

ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ አዴ ሹሩ ፊት ተቀምጬ ያደረግሁትን ተናገርኩ፤ ሳልናገር መነሳት አልቻልኩም። ያውቁ ኖሯል።

«ነግሮኛል» አሉ። አላለቀሱም፣ አልጮኹም። «ዘጠኝ ሰው አምጣ አለኝ አለ። ዶክተር፣ ዘጠኝ ሰው ከየት ያመጣልህ? ሲስቅባችሁ የከረመው እሱ አይደለም? የሳቀበትን ነገር ኑ አብረን እናድርግ ብሎ ማንን ይጠራል? ሊሸሸግ ነው የመጣው። አፈረ። ከዚያ በኋላ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ዓሣ ባይኖርም ሐይቅ ይገባ ነበር።»

ሰላሳ ዓመት ሰው አውቃለሁ ስል ኖሬ፣ የአንድን ሰው እፍረት ማየት አቃተኝ።

ማታ ቤቴ እንደገባሁ አሰላ ወደሚኖሩት ሲስተር አስካለ ደወልኩ። ጡረታ ከወጡ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ጆሯቸው ከበድ ብሏል። እየጮህኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«እጅጌውን ጠቅልሎ ነበር የመጣው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቅ ነበር?» አሉኝ። አላጽናኑኝም። እኔም እንዲያጽናኑኝ አልነበረም የደወልኩት።

በማግስቱ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ «ከዛሬ ጀምሮ ለአንድም ሰው ቢሆን እከፍታለሁ» አልኩ። ወይዘሮ ሰናይት ይባላሉ፤ በዕድሜ ያንሱኛል፣ በማስተዋል ግን አይደለም። «ምክንያት በሚለው ቦታ ምን ልትጽፍ ነው?» አሉኝ። «አንድ ሰው መጣ» አልኩ። ትንሽ አዩኝና «ጻፍ» አሉ።

የሚቀጥለው ማክሰኞ ቆቃ ጠረጴዛችን ጋ ማንም አልነበረም። መረብ ጠጋኞቹ ሥራ ጀምረዋል፤ ሳቅ ግን የለም፤ ወደ እኛም የሚያይ የለም። ጠዋት ሦስት ሰዓት አልሆነም። ከመንደሩ በኩል አንዲት ሴት ብቻዋን ስትመጣ አየሁ። ስትቀርብ አዴ ሹሩ ናቸው። ባል የሞተባት ሴት በዚያ ሰሞን ከቤት አትወጣም፤ ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ አያቸው። የጥቁር ቀሚሳቸው እጅጌ እስከ ትከሻቸው ተጠቅልሏል።

ከጠረጴዛው ራቅ ብለው ቆሙና፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ «ለአንድ ሰው ይከፈታል?» አሉ።

«ይከፈታል» አልኩ። ብልቃጡን ከፈትኩት። መዳፌን አፋትጌ አሞቅሁ። ስማቸውን ጠርቼ፣ ሁለት ቀን ሊያማቸው እንደሚችል ነግሬ ወጋኋቸው። ፊታቸውን አላዞሩም።

«ይህ የተከፈተው ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«ስድስት ሰዓት።»

«እሱ የቆመው የት ጋ ነበር?»

በጣቴ አሳየኋቸው። ከጀልባዎቹ ወደ መንገዱ የሚወጣው መተላለፊያ ላይ ነው። አዴ ሹሩ አግዳሚ ወንበሬን በአንድ እጃቸው እየጎተቱ ወስደው እዚያው ላይ አስቀመጡትና ተቀመጡበት። ማንንም አልጠሩም፤ ለማንም አልተናገሩም። ከሐይቁ የሚወጣ ሰው ሁሉ በፊታቸው ማለፍ ነበረበት። የመጀመሪያው ሰው ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና ዓሣውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ሁለተኛው አለፈ፣ ትንሽ ሄደና ተመለሰ። ከዚያ ወንድማማቾች ሁለት ሆነው መጡ።

ብልቃጡ ሳያልቅ ጊዜው ደረሰ፤ የተረፈውን ጣልኩት፤ አልቆጨኝም። ፀሐዩ ከርሮ ነበር፤ ግራሩ እዚያ ድረስ ጥላ አያደርስም። ጠረጴዛውን አጥፈን መኪና ላይ እስክንጭን ድረስ አዴ ሹሩ ከተቀመጡበት አልተነሱም፤ እጅጌያቸውንም አላወረዱም።